«ዳቦ» ቀርጸን «ባዶ» ያተምን ዕለት

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ እናቴ ስትደውል ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ሥራዬን ቀጠልኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«ማኅተም እየቀረጽኩ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ እማዬ?» ስል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የማንን ማኅተም?» አለች።

«የራሴን።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ማኅተም የሚኖርሽ? መሥሪያ ቤት ከፈትሽ?»

አልከፈትኩም። የምቀርጸው ላጲስ ላይ ትንሽ ጀበና እንደሆነ፣ ቀለም አስነክቼ ወረቀት ላይ እንደማትመው፣ በዚህም የሚጭበረበር ሰው እንደሌለ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ «እሺ፤ ብቻ ሰው አይይሽ» ብላ ዘጋችው።

እናቴን አልፈርድባትም። እኛ ባደግንበት አገር ማኅተም የሚቀረጸው ለመሥሪያ ቤት ነው። ማኅተምና ቲተር የሚሠሩት ባለሙያዎችም ብዙዎቹ የድርጅቱን ደብዳቤ ሳያዩ እጃቸውን አያነሱም። ከዚያ ውጪ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ካለ፣ ወሬው የሚሰማው ከፖሊስ ፕሮግራም ነው። ክቡ ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ፊርማ ቢደረደርበት፣ ወረቀት ብቻ ነው።

ወደዚህ ኮሌጅ ከመምጣቴ በፊት የትምህርት ማስረጃዬ ላይ አንድ ማኅተም እስኪመታልኝ አራት ቀን ተመላልሻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ፈራሚው ስብሰባ ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ፈረሙ፤ ማኅተም ያዢዋ ግን ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሦስተኛው ቀን እሷ መጣች፤ የመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነበር። በአራተኛው ቀን መሳቢያው ተከፈተ። ሴትየዋ ማኅተሙን አወጣች፣ ወደ አፏ አስጠግታ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበት፣ ፊርማው ላይ ከፊሉን ደርቦ እንዲያርፍ አስተካክላ ድብ አደረገችው። የዚያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ከአራት ቀን ልመና በኋላ የመጣ ሆኖ እንኳ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ማኅተም መምታት በራሱ ደስ እንደሚል ያን ዕለት ተሰማኝ፤ ግን ደስታው የእሷ ነበር፣ የእኔ አልነበረም።

ነገሩ የቆየ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ማኅተም መሃሉ ላይ አንበሳ፣ ዙሪያው ላይ በግእዝ ፊደልና በዐረብኛ የንጉሡ ስም ነበረው፤ የአፄ ምኒልክም አንበሳ አለበት። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ቢኖር ምን ይገርማል። እኔ የምለው፣ ከሥልጣን ሌላ ምንም ሊሆን እንደማይችል አድርገን መቁጠራችን ነው የጎዳን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ባለፈው ወር በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በተነሳ አንድ አጀንዳ ምክንያት ነው፤ እሱ ጋ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ወንጀሌን ልናዘዝ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን የቤት ሥራ ሲያርሙ በቀይ እስክሪብቶ «ታየ» ብለው ይጽፉ ነበር። እኔም የቤት ሥራ ባልሠራሁበት አንድ ቀን፣ በምላጭ ላጲስ ላይ «ታየ» ብዬ ቀርጼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ ደብተሬ ላይ አተምኩ። (ላጲስ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ግን ትርጉሙ እርሳስ ነው። የሚጽፈውን ትተን የሚያጠፋውን በስሙ ጠራነው።) የወጣው ጽሑፍ «ታየ» አልነበረም፤ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ፣ ፊደሉም ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። መምህሩ ደብተሩን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ከጀርባው አነበቡትና «በዚህ በኩል ታይቷል» አሉ። ተንበርክኬ ዋልኩ። ላጲሷን ግን አልጣሏትም፤ ኪሳቸው ሲከቷት አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ምላጭና ላጲስ አብሬ የያዝኩት እዚህ ዶርም ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ከኦሳካ የመጣች ልጅ ነበረች። የማስታወሻ ደብተሮቿ ዳር ላይ ድመት፣ ዓሣ፣ የሩዝ ሳህን ታትሞባቸዋል። ከየት ገዛሽው ስላት ሳቀችና መሳቢያዋን ከፈተችልኝ፤ በላጲስ የተሞላ ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው የራሱን ስም የተቀረጸበት ማኅተም ይዞ ነው ባንክ የሚሄደው፣ ውል የሚፈርመው። «ሃንኮ» ይሉታል። ይህ ልማድ ቢሮክራሲውን አጓተተ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥታቸው ከአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ላይ ሊያስቀረው ተነሳ። ማኅተም እንደ እኛው የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። ግን እነዚሁ ሰዎች «ኬሺጎሙ ሃንኮ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ የላጲስ ማኅተም ማለት ነው። ናንሲ ሴኪ የምትባል የጋዜጣና የመጽሔት ዓምደኛ ነበረች፤ በ2002 በአርባ ዓመቷ አካባቢ አረፈች። የቴሌቪዥን ዝነኞችን መልክ ላጲስ ላይ እየቀረጸች ከሽሙጥ ጽሑፎቿ ጋር ታወጣቸው ነበር። ማኅተም በሚፈራበት አገር፣ በማኅተም ትልልቅ ሰዎች ላይ ትስቅ ነበር። ይህን ስሰማ ነው የእኔ እጅ የበላኝ።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ነጭ ለስላሳ ላጲስ፣ ስለታም ትንሽ ቢላ፣ እርሳስ፣ ስስ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ፓድ። ከለመዳችሁ በኋላ በሥዕል ዕቃ መደብር የሚሸጠውን ሰፊ የመቅረጫ ጎማ መግዛት ትችላላችሁ። እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጠው፤ በተለይ ስፒድቦል የሚባለው ድርጅት የሚሸጠው ሮዝ ጎማ። አብሮም የቪ ቅርጽ ያላት መፈልፈያ አለች፤ እሷ እጅ ውስጥ ከገባች ላጲስ የሚተርፍላችሁ አይምሰላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምትፈልጉትን ነገር ስስ ወረቀት ላይ ጠቆር ባለ እርሳስ ሳሉት። ወረቀቱን ገልብጡና ላጲሱ ላይ አስተኙት፤ ጀርባውን በጥፍር ፈተግ ፈተግ አድርጉት። የእርሳሱ ምልክት ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል። ተገልብጦ የገባ፣ ሲታተም ተመልሶ ይቀናል። አምስተኛ ክፍል ያጣሁት ይህችን አንድ እርምጃ ነበር። ከዚያ በኋላ መስመሩን ትታችሁ ዙሪያውን ትቆርጣላችሁ። ቢላውን ከመስመሩ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጉት፤ የሚቀረው መስመር እንደ ተራራ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ መጥበብ አለበት። ሥሩን ፈልፍላችሁ ከገባችሁ፣ ስታትሙ ይወላገድና በሦስተኛው ቀን ይበጠሳል። ጠመዝማዛ ስትቆርጡ እጃችሁን አታዙሩ፤ ላጲሱን አዙሩት። ቀለም ስትቀቡም ማኅተሙን ፓዱ ላይ አትጫኑ፤ ፓዱን አንስታችሁ ማኅተሙን ጠብ ጠብ አድርጉት። እና እባካችሁ፣ የቀረጻችሁትን ላጲስ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አታስቀምጡ። አብዛኛው ነጭ ላጲስ ዛሬ ከጎማ ሳይሆን ከፕላስቲክ ነው የሚሠራው፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ዕቃውን ያቀልጠዋል። የመጀመሪያ ጀበናዬ ከሳጥኔ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች። ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ፊደላችንን መቅረጽ ደግሞ ራሱን የቻለ ትግል ነው። «ሀ»፣ «ሰ»፣ «ወ» ደጎች ናቸው፤ ከየትም ብታያቸው ያው ናቸው። የሚያስለቅሱት ቀለበት ያላቸው ናቸው፦ «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ሴ»። ያችን የሩዝ ፍሬ የማታክል ክፍት ቦታ በቢላ ማውጣት አይቻልም። እኔ የምጠቀመው የሞተ የእርሳስ መያዣ ብረት ጫፍ ነው፤ ተጭኜ አዞረዋለሁ፣ ፍርፋሪዋ ይዞ ይወጣል። ይህን ዘዴ ያገኘሁ ቀን ለሚድተርም ማጥናት ነበረብኝ፤ አልቆጨኝም።

ስለ ደስታው ብዙ ማለት አልችልም፤ ትንሽ ግን ልበል። ስትቀርጹ የምታዩት የምትጥሉትን ነው እንጂ የሚወጣውን አይደለም። ጠረጴዛው በነጭ ፍርፋሪ ይሞላል፤ ጎማው ላይ ያለው ነገር ጠባሳ ይመስላል። ቀለም ቀብታችሁ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ስታነሱት ግን እዚያ አለ። እጃችሁ የሠራው ነው፣ ግን ለእናንተም አዲስ ነው። ሁልጊዜ ከጠበቃችሁት ትንሽ ይለያል። የጀበናዬ አንገት ጠማማ ነው፤ ላቀናው ስል ጆሮዋን ቆርጬ ነበር። አሁን ማንም ጆሮ የሌላት ጠማማ ጀበና ካየ የእኔ እንደሆነች ያውቃል።

አሁን ወደ ዳቦው። እንደምታውቁት ማኅበራችን በየመስከረሙ ለእንቁጣጣሽ በተማሪዎች ማእከል ፊት ለፊት ድፎ ዳቦ ይሸጣል። ዘንድሮ ቡኒ የወረቀት ከረጢት ገዝተን ነበር፤ ባዶውን ከሚሆን አንድ ነገር ይታተምበት አልን። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች፣ እዚሁ አገር የተወለደች አባላችን «እኔ እቀርጻለሁ» አለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትቆጣም በአማርኛ ነው የምትቆጣው። ማንበብ ግን አልተማረችም። «ዳቦ» የሚለውን ከስልኳ ላይ እያየች፣ በጣም አምሮ፣ ከእኔ በተሻለ እጅ ቀረጸችው። ከዚያ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ሆና አርባውን ከረጢት አትማ በተርታ ደረደረችው። እኔ ከላብ ወጥቼ ስደርስ አርባ ከረጢት አንድ ላይ ቆመው «ባዶ» ይሉኛል።

«ይሄ እኮ ባዶ ነው» አልኳት።

«ባዶ አይደለም፣ ዳቦ አለበት» አለች፤ አንዱን ከፍታም አሳየችኝ።

ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ለመተረክ አልሞክርም። ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው፤ ወረቀት አውጡና ሞክሩት። «ዳ» ቀኝ እግሯ ረዥም ነው፤ «ዶ» ግራ እግሯ። «ባ» ቀኝ እግሯ ረዥም ነው፤ «ቦ» ግራ እግሯ። ስለዚህ «ዳቦ»ን በመስታወት ብታዩት፣ «ቦ» ቀድማ ትመጣና «ባ» ትሆናለች፤ «ዳ» ተከትላ «ዶ» ትሆናለች። ልጅቷ ሳትገለብጥ ስለቀረጸችው ማኅተሙ ገልብጦ አተመው። ዳቦ ሲገለበጥ ባዶ ነው። ሃያ ዓመት አማርኛ ሳነብ ይህን አላየሁም ነበር። የጽሕፈት ሊቅ ውፍረትና ቅጥነቱን አይቶ ይከራከር ይሆናል፤ ዓይን ግን ያነበዋል።

ከረጢቶቹን አልጣልናቸውም። ከቀድሞ ተመራቂዎቻችን አንድ ጋሼ መጥተው «ባዶ በአምስት ዶላር! አገር ቤት እንኳ እንዲህ አልተወደደ» ብለው ሁለት ገዙ፤ ከዚያ ወሬው ተዛመተና ከቀትር በፊት አለቀ።

ለእኔ ትልቁ ነገር የሆነው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅቷ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ከስልኳ ላይ የፊደል ገበታ ከፈተች። ትንሽ ቆይታ «ሳ እና ሶም እንደዚያ ናቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሻ እና ሾ? ጃ እና ጆ?» አዎ። «ላ እና ሎስ?» ብላ ራሷ አየችና «አይ፣ እሷ ቀለበት አላት፤ ለምን?» አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ሳያስተምራት፣ ማንም «እንዴት አማርኛ አታነቢም?» ብሎ ሳያሸማቅቃት፣ ራብዕንና ሳብዕን በእግራቸው ለየቻቸው። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን የከፈተው የአማርኛ ንባብ ክፍል ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሰው፣ በሦስተኛው ሁለት፣ በአራተኛው ቁልፉን መለስን። እኔም ከአስተማሪዎቹ አንዷ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔም ነው። እዚያ የሚያነብና የማያነብ ተለይቶ ነበር የሚቀመጠው። የማኅተሙ ጠረጴዛ ላይ ግን ፊደሉ ለሁላችንም ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው። እዚያ እኔም ጀማሪ ነኝ። «ግልባጭ» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ግርጌ ብቻ ነበር የማውቀው።

ይህ ዓይነቱ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ያውም አገር ቤት ሳይሆን ሮም ከተማ። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነበር። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው። ፊደሉንና ግእዙን ያስተማረው ደግሞ እዚያው ሮም፣ ቫቲካን አጠገብ በነበረው የሐበሾች ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። አስቡት፤ የማተሚያ ፊደል ልክ እንደ ማኅተም ነው፣ ተገልብጦ ካልተሠራ ቀንቶ አይታተምም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከአገሩ ርቆ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ለባዕድ «ሀ» ይህች ናት፣ «ሐ» ይህች ናት እያለ ሲያሳይ፣ አንድ እጅ ደግሞ ያንኑ በግልባጩ ሲቀርጽ። በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የተሠራው እንደ እኛው በስደት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት የአርብ ማታ ጠረጴዛችንን በሌላ ዓይን አየሁት።

እንግዲህ አጀንዳው። ከእንቁጣጣሹ በኋላ በየአርቡ ማታ በኮሌጁ የእጅ ሥራ ክፍል እየተሰበሰብን መቅረጽ ጀምረን ነበር፤ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ሆነን። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዣችን ይህ ይቅር አለ። በእሱ ፈንታ ለማኅበሩ ባለሙያ አርማ ይሥራልን፤ በአርማው አንድ የፋብሪካ ማኅተምና ተለጣፊ በኢንተርኔት እንዘዝ፤ በሁለት ቀን ይደርሳል። ምክንያቶቹን ልካድ አልፈልግም፤ ጓደኛዬ ነው፣ ሒሳቡም ልክ ነው። የክፍሉ ኪራይ አለ። ሁለት ልጆች ጣታቸውን ቆርጠዋል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ፈተና እየደረሰ ነው። ለስፖንሰር የሚላክ ደብዳቤ ላይ ጆሮ የሌላት ጀበና ማተም ያሳፍራል። በዚህኛው በሙሉ እስማማለሁ፤ ለደብዳቤው የፋብሪካውን ይዘዝ፣ እኔም እጄን አወጣለሁ።

የማልስማማው አንዱ ሌላውን ይተካል በሚለው ላይ ነው። እስቲ የማኅበራችንን የአምስት ዓመት ፖስተሮች አንድ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። ሁሉም ላይ ያለው ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘነው ያው አንዱ ነው። የሠርግ ጥሪው፣ የሬስቶራንቱ ሜኑ፣ የለቅሶ ማስታወቂያው ሁሉ አንድ እጅ የጻፈው ይመስላል፤ ያ እጅ ደግሞ የማናችንም አይደለም። ቲሸርቱን አዘዝን፣ ባንዲራውን አዘዝን፣ ምግቡን አዘዝን። የማዘዝ ማኅበር ሆነናል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከምናደርገው ሁሉ በእጃችን የሚወጣ፣ ሲበላሽም የሚያስቀን፣ ሲያምርም «ማን ሠራው?» የሚያስብል ይህ አንድ ነገር ነው።

«የልጆች ጨዋታ ነው» ያለም ነበር። ጨዋታ ነው፤ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ምልክት ለማሳረፍ ፈቃድ እየጠየቅን ነው። ወይ ማኅተም ያዥ ነን፣ ወይ ማኅተም ለማኝ። እዚህም መጥተን ያው ነን፤ ቪዛው፣ ወረቀቱ፣ ቅጹ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ምት ይጠብቃል። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ፣ የራሳችሁን ስም ወይም የአያታችሁን ጀበና ቀርጻችሁ፣ «ሃ» ብላችሁ ተንፍሳችሁ ድብ ማድረግ ከዚያ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የቀመሰው ያውቀዋል። አንዱ አባላችን፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ጉዳይ ከዓመት በላይ እየጠበቀ ያለ ልጅ፣ ባለፈው አርብ የቀረጸው ትልቅ ክብ ማኅተም ነው። ዙሪያውን «የራሴ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት»፣ መሃሉ ላይ «ተፈቅዷል» ይላል። ሁላችንም ደብተራችን ላይ አስመታነው። ተሰልፈን።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው ወር ስብሰባ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ አርብ ብቻ ኑ፤ ላጲስ እኔ አመጣለሁ። የቀድሞ ተመራቂዎችም በዚህ ከተማ ካላችሁ ኑ፤ ገንዘብ አይደለም የምንጠይቃችሁ። ባዶውን የገዙት ጋሼ ቃል ገብተውልኛል፣ «ዕድሜ ልኬን ቲተር ነበረኝ፤ አንድም ቀን ግን ስሜን ራሴ ቀርጬ አላውቅም» ብለው።

እናቴም ተሸንፋለች። በየጊዜው ሰው ሲመጣ ሽሮና በርበሬ ትልክልኛለች፤ ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የምትጽፈው ግን ሻንጣ ውስጥ ይጠፋና የቱ የቱ እንደሆነ እየቀመስኩ ነበር የምለየው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳገኝ ሁለት ማኅተም ቀርጼ ላኩላት፤ አንዱ «ሽሮ»፣ አንዱ «በርበሬ»። የ«ሬ» ቀለበት ብቻ አንድ ማታ ወስዶብኛል። በመስከረም ዕቃው ሲደርሰኝ አምስቱም ከረጢት ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱ ላይ ጥርት ያለ ማኅተም አርፎበታል። አምስቱም «ሽሮ» ይላሉ። ሦስቱ በርበሬ ነበር።

ደውዬ «እማዬ፣ ለምን ሁሉም ላይ ሽሮ መታሽበት?» አልኳት።

«እሱ ሲመታ ደስ ይላል» አለችኝ።